የሳነቴ ቁልቁለት

ሐጂ ከሊል ከጎባ ደሎ መና አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቤት መዋል ግን ሞት ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ሮቤ ላይ ያለ ነዳጅ የሚሄዱ መኪኖች በዓል እንደሚከበር፣ ሳነቴ ደርሶ ሲመለስ ባትሪው ላይ ብዙ ቻርጅ ያተረፈ ሹፌር አዲሱን የደሎ መና ኤሌክትሪክ ሚኒባስ እንደሚረከብ ሲሰሙ ኮታቸውን አስተኮሱ።

“ቁጠባ ከሆነማ እኔን የሚያስተምረኝ ገና አልተወለደም” አሉ።

ሜዳው ላይ ሕዝቡ በፀሐይ የሚሠራውን ባጃጅና ከአጋርፋ የመጣውን በእበት ጋዝ የሚሄድ ትራክተር ከቦ ያያል። አዘጋጇ ዙሀይራ የምትባል መምህርት ናት፤ ስለሚወዳደሩባት የኤሌክትሪክ መኪና ልታስረዳቸው ስትጀምር፣ “ፍሬኑንና ፍሪውን አሳዪኝ፣ ሌላው ለእኔ ተይው” ብለው አቋረጧት።

ዳገቱን መኪናዋን እንደ እንቁላል ይዘው ወጡት። ሳነቴ ላይ ጉሙ እንደ ድሮው ጅባራውን ሸፍኖታል። ዞረው ቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርሱ እጃቸው ሳያማክራቸው ማርሹን ፍሪ ላይ አደረገው። ነዳጅ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የባሌ ሹፌር ሁሉ እንዲህ ከማርሽ አውጥቶ ነበር የሚወርደው። “ቢስሚላሂ” ብለው ሲለቁት የሞተሩ ጩኸት ይጠፋል፤ ተሳፋሪው ወሬውን ያቆማል፤ ከሪራ የተጫነው ማር ይሸታል። ከኋላቸው የምትቀመጠው ሙሉካ፣ ያኔ ገና ሚስታቸው ያልሆነችው፣ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማቸው ነበር። ሙሉካ ከሞተች አምስት ዓመት ሆናት። ሐጂ ነፋሱን እየሰሙ ወረዱ።

ሮቤ ሲገቡ ከሰባት ተወዳዳሪ ሰባተኛ ሆኑ።

“መለኪያው ተበላሽቷል” አሉ።

ዙሀይራ በመስኮቱ አጎንብሳ አየች። “አባ፣ ቁልቁለቱን በፍሪ ነው የወረዱት?”

“በምን ልውረድ ታዲያ?”

“ማርሽ ላይ ቢተዉት ኖሮ ጎማው ባትሪውን እየሞላ ይወርድ ነበር። ይሄ መኪና የሚያተርፈው ሲወርድ ነው።”

ሐጂ መሪውን እንደጨበጡ ቀሩ። ሚኒባሱን ጀሊል የሚባል ጎረምሳ ሲረከብ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እሳቸውም ከልባቸው ባይሆንም አጨበጨቡ።

“አይቆጨኝም ብል ውሸቴን ነው” አሉ ቆይተው። “የደሎ መናን መንገድ መልሼ ልነዳው ፈልጌ ነበር። ያን ቁልቁለት ግን ከሙሉካ ጋር የወረድኩት በፍሪ ነው፤ ሌላ አወራረድ አላውቅም።”

ወደ ዙሀይራ ዞሩ።

“አሁን አንቺ ሳነቴ ትወስጂኛለሽ? በማርሽ ሲወረድ ልየው።”

“ቶሌ፣ አባ” ብላ ተስማማች።

ሐጂ ወረዱ፤ መኪናዋን በፊት በኩል ዞረው የተሳፋሪውን በር ከፈቱና ገቡ። በዚያ መንገድ ተሳፋሪ ሆነው ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አላወቁም።