የደምሌ ቤት በዱባይ ሰፈር

ደምሌና ባለቤቱ እናትነሽ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገበያ ሽምብራና ምስር እየነገዱ ልጆች አሳድገው ድረዋል። የሚኖሩት ከገበያው ጀርባ ባለች ጭቃ ቤት ነበር። ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ ደምሌ ሲያስነጥስ ከወዲያ በኩል «ይማርህ!» ይሉታል። ይህ ለአንድ የተከበረ ነጋዴ የማይመጥን ኑሮ እንደሆነ የገባው ኪሱ ሞላ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው።

ከከተማው ዳር ጉብታው ላይ አዲስ ሰፈር ተሠርቷል። በወረቀት ስሙ ሌላ ነው፤ ሕዝቡ ግን «ዱባይ» ይለዋል። መንገዱ ኮብልስቶን፣ ጣሪያው ባለ ቀለም ቆርቆሮ፣ አጥሩ ደግሞ እስር ቤት የሚያስቀና ነው። አንድ የሰፈሩ ሰው ወደ ባሕር ዳር ሊዛወር ቪላውን ለሽያጭ አቀረበና ደላላው ባልና ሚስቱን ይዞ ወጣ።

«መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ሦስት ነው ጋሼ ደምሌ» አለ ደላላው፣ ራሱ የሠራው ይመስል እየኮራ።

እናትነሽ አንዱን በር ከፈተች፤ ሁለተኛውንም ከፈተች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ደነገጠች።

«ለሁለት ሰው ሦስት? ምን ሊይዘን ነው?»

ደምሌ አፈረባት። «ዝም በይ እንጂ! የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው» አለና ለማሳየት ቧንቧውን ከፈተው። ቧንቧው ረዘም አድርጎ አፏጨና ዝም አለ።

«ውሃው በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። የትኛው ቀን እንደሆነ ብቻ አይታወቅም» ሲል ደላላው አስረዳ።

ደምሌ ቤቱን ገዛ። ጭቃዋን ቤት ግን እናትነሽ «እህል ማስቀመጫ ትሁነን» ብላ አላስሸጥም አለች።

በገቡ ማግስት እናትነሽ ድፎ ዳቦ ጋግራ ጎረቤት ልትተዋወቅ ወጣች። ፊት ለፊት ያለውን የብረት በር ብታንኳኳ ዘበኛው በትንሿ መስኮት አንድ ዓይኑን አወጣ።

«ቀጠሮ አለዎት?»

«ዳቦ ነው የያዝኩት።»

«ለዳቦም ቢሆን ተደውሎ ነው የሚመጣው» አለና መስኮቷን ዘጋ።

ዳቦውን ከደምሌ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን እስኪደርቅ ድረስ በሉት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉርሻዋን እጇ ላይ ይዛ «አሁን እኔ እዚህ ብሞት ማን ያውቃል?» አለችው። ደምሌ ትንሽ አሰበና «ዘበኛ እንቀጥራለን» አላት።

ደምሌ ተስፋ የጣለው በቤቱ ምርቃት ነበር። በጥር፣ በአንዱ እሑድ፣ ፍሪዳ ሊጥል ወሰነ። ለዱባይ ሰዎች ባለ ወርቅ ጠርዝ የጥሪ ካርድ አሳትሞ ለየዘበኞቻቸው አደለ። ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ለሚኖሩት አጎቱ ለአያ ገብረ ሚካኤል ግን ስልክ ብቻ ደወለ። «እርስዎና እትዬ ብቻ ብቅ ብትሉ ይበቃል» አላቸው፤ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጎ።

ኔትወርኩ ያቺን ቃል ሳይቆርጣት አልቀረም። እሑድ ረፋዱ ላይ አንድ አይሱዙ እያጓራ ዱባይ ገባ። ከላዩ አያ ገብረ ሚካኤል፣ ባለቤታቸውና የመንደሩ እኩሌታ ከጋን ጠላና ከበጎች ጋር ወረዱ። በጎቹ ከስማዳ እስከ መካነ ኢየሱስ በዚያ መንገድ ሲንገላቱ ስለመጡ ርቧቸው ኖሮ በመንገዱ ዳር በመስመር የተተከለውን አበባ ይግጡት ጀመር።

ከካርድ ተጠሪዎቹ አንድም አልመጣም። የመጣው የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ ሥዩም ነው፤ እሱም የመጣው ሊከስስ ነው። የስፖርት ቱታውን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመና «ምንድን ነው ይሄ? ይህ እኮ መኖሪያ ሰፈር ነው!» አለ።

አያ ገብረ ሚካኤል አሻቅበው አጥሮቹን፣ የተቆለፉትን በሮች አዩ። «እኛስ መቼ መቃብር ነው አልን ልጄ?» አሉት በቅን ልቦና። «ይልቅ ግባ። ቤት ሲመረቅ ከበር የሚመለስ ሰው ደስ አይልም።»

«እኔ የመጣሁት ስለ አበባው…»

«አበባው ይደርሳል፤ ሥጋው ይቀዘቅዛል» ብለው እጁን ይዘው አስገቡት።

አቶ ሥዩም «አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ ሦስት ጊዜ ቁርጥ አነሣ። ጠላው ሲደገምለት ቱታውን ከፈታ አደረገ። እስክስታው ሲደራ ደግሞ ሊቀ መንበሩ ከስማዳ ጎረምሶች መሀል ትከሻውን ሲሰብቅ ታየ፤ ያንን ያህል ትከሻ እንዳለው ማንም አልጠረጠረም ነበር። ላብ በላብ ሆኖ ሲቀመጥ እናትነሽ ውሃ አቀበለችው።

«እመቤት» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እዚህ ሰፈር መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። የጎረቤት ቤት ውስጥ ስቀመጥ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

እናትነሽ ልትስቅበት ብላ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ሳቋ ጠፋባት።

በማግስቱ አቶ ሥዩም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው የመኪናውን መስታወት ዘግቶ አለፈ። ከሰዓት በኋላ የኮሚቴው ጸሐፊ መጥቶ አበባው በአስቸኳይ እንዲተካ አስጠነቀቀ።

አበባውን የተከለችው እናትነሽ ናት። ተክላ ስትጨርስ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ባጃጅ ጠርታ ገበያው ጀርባ ወዳለችው ጭቃ ቤት ወረደች። ሲመሽ ተመለሰች። በማግስቱም ሄደች።

«ምን ልትሠሪ ነው የምትመላለሺው?» አለ ደምሌ።

«ልኖር። ለመተኛቱ እመጣልሃለሁ።»

ደምሌ አንድ ሳምንት ያህል በኩራት ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ከዚያ ምሳውን ለመብላት ብቻ ብሎ ወረደ፤ ከምሳ በኋላም የጎረቤቱ ጨዋታ ስለያዘው ብቻ ቆየ። አሁን ባልና ሚስቱ ጧት አብረው ወርደው ማታ አብረው ይወጣሉ። ገበያ ላይ ሰው «ዱባይ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ደምሌ ደረቱን ነፍቶ ይመልሳል።

«ለእንቅልፍ የሚያህለው የለም።»