መብራት ያዥዋ

"ኖኤሚ የምትባለው የትኛዋ ናት?" አለ ሰውየው፣ በቆሎ ሊጥ የተሠራውን ታማሌ የያዘ ሳህን ሳይቀበል።

የኖኤሚ አባት ዶክተር ኢቫሪስቶ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። በሳን አንቶኒዮ ከተማ ካቶሊኮች ደንብ ዘጠኝ ቀን የመቁጠሪያ ጸሎት ይደረሳል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ዘመድና ጎረቤት ነው። ይህን ሰው ግን የሚያውቀው የለም።

"እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ።

"ዱዌይን እባላለሁ። ባግዳድ ላይ ቆስዬ የሰፋኝ አባትሽ ነው።" ሸሚዙን ፈትቶ ደረቱን አሳያት። የስፌቱ ጠባሳ ከአንገቱ ሥር እስከ እምብርቱ ወርዷል።

ኖኤሚ ወደ ጓዳ አየች። መሳቢያው ውስጥ የሠራዊቱ ውል አለ። ከፈረመች የሕክምና ትምህርቷን ሠራዊቱ ይከፍልላታል፤ ስትመረቅ በወታደር ሐኪምነት ታገለግላለች። አባቷም የተማረው እንዲሁ ነው። ከወር በፊት ብታማክረው፣ "መማሪያው አራት ዓመት፣ ማገልገያው አራት ዓመት ይሉሻል" አላት።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚቆጥርልሽ የለም።"

መልስ የሚጠበቅባት ዓርብ ነው።

"እየሰፋኝ ሳለ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ" ብሎ ቀጠለ ዱዌይን። "የሕክምናው ድንኳን ጨለመ። ሻለቃው አባትሽ ግን መስፋቱን አላቆመም። 'ኖኤሚ፣ መብራቱን ከፍ አድርጊው የኔ ልጅ' ይላል። ነርሷን የጠራ መስሎኝ ዓይኔን ቀና አደረግኩ። ከራስጌዬ ማንም የለም። መብራቱ ግን ከላዬ በርቶ ነበር።"

"ማደንዘዣው ይሆናል" አለች ኖኤሚ።

"እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው የኖርኩት።"

እናቷ ግራሲዬላ መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "መቼ ነው?"

"በሰኔ፣ በዘመትን በዓመቱ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል።"

"እዚህ ቀትር ካለፈ በኋላ ማለት ነው" አለች እናቷ። "አራት ዓመትሽ ነበር፣ ልጄ። አስተኝቼሽ ስመለስ አልጋው ላይ ቆመሽ አገኘሁሽ። ዓይንሽ ተከድኗል፣ ክንድሽ ወደ ላይ ተዘርግቷል። 'እጄን ደከመኝ' ትያለሽ። ላወርደው ብታገል እንቢ አለኝ። ለአባትሽ ነግሬው አላውቅም።"

"እሱስ ነግሮሽ ያውቃል?"

"አንድም ቀን።"

ከለቀስተኛው መሃል አንዲት አሮጊት አማተቡ።

"ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም" አለች እናቷ። "አንቺ ግን ያኔ በአራት ዓመትሽ አገልግሎትሽን ጨርሰሻል።"

"አልፈርምም" አለች ኖኤሚ። "ተበድሬም ቢሆን እማራለሁ።"

ዱዌይን ሸሚዙን ሊቆልፍ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ኖኤሚ ተነስታ ፊቱ ተንበረከከች። ከታች ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አስገባችለት። የላይኛው ላይ ስትደርስ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ የልቡ ምት ሲሰማትም አላነሳችውም።