ሳንኳኳ ሳብ

ወደቡ ላይ «ደረቁ» ይሉታል፤ ሸራ ጀልባ ላይ እየኖረ ዋና የማይችል ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው? ውኃን እንደ እባብ ይፈራል። የዚያን ቀን ደግሞ የሚፈራውን ውኃ በገዛ እጁ በር ሊከፍትለት ነው።

የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ ከባሕሩ የሚገባው በጀልባዋ ሆድ ላይ በተበሳች ቀዳዳ ነው። የቀዳዳዋ መዝጊያ ቫልቭ በዝገት ተበልቶ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ደንቡ ጀልባዋን የብስ ላይ አውጥቶ መቀየር ነበር፤ ማውጫው ማሽን ግን ተበላሽቶ ቆሟል።

«እኔ ጠልቄ ከውጭ እወትፈዋለሁ፤ አንተ አሮጌውን ፈተህ አዲሱን ታስራለህ» አለች ሚስቱ።

«ቢያፈስስስ?»

«እንደገና እጠልቃለኋ! ሳንኳኳ አንተ ጫፉን በፒንሳ ሳብ፣ እኔ እገፋለሁ። ደግሞ ፊትህን እንዲህ አታጨልመው፤ የምጠልቀው እኔ ነኝ።»

ባሕሩ ስንት መዶሻ ስለበላባት ውኃ ውስጥ የምትይዘውን ሁሉ በናይለን ሲባጎ የእጇ አንጓ ላይ ታስራለች። የእንጨቱን ውታፍም አሰረችው። ቢላዋዋን ግን ዝገቱን እንዲፍቅበት ለእሱ ትታለት ነበር።

ወተፈችና ረጅሙን ሲባጎ እየለቀቀች ወጣች። እሱም ቫልቩን ፈታ። የውታፉ ጫፍ ብቅ አለ፤ በጎኑ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ያፈሳል!» ብሎ ጮኸ። የተረፈውን ሲባጎ አንጓዋ ላይ ጠምጥማ ተመልሳ ጠለቀች።

ኳ አለ። ሳበ። ጠብታው ቀነሰ።

ኳ፣ ኳ። እግሩን ከግድግዳው አስደግፎ ሳበ። ጠብታው ቆመ፤ ደስ አለው። ኳኳታው ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። «ምን ሆነች? ጠበቀ እኮ!» እያለ አሁንም ሳበ።

ከዚያ ኳኳታው ደከመ።  መብራቱን አስጠግቶ ሲያይ በውታፉና በቀዳዳው መሀል ሰማያዊ ክር ተወጥሮ ተነክሷል። ሲባጎው ነው። የሲባጎው ሌላ ጫፍ ያለው አንጓዋ ላይ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ውታፉን ካስወጣው ውኃው ይገባል። ካላስወጣው እሷ አትወጣም። መዶሻውን አነሳና እናቱን እየተጣራ መታው። ደግሞ መታው። ውታፉ ተፈናጠረ፤ ውኃው ደረቱን መትቶ በጀርባው ጣለው። በዳዴ ተመለሰ። አዲሱን ቫልቭ አፉን እንደከፈተ፣ ውኃው በመሀሉ እያለፈ፣ የብሎን ጥርሱን ቀዳዳው ላይ አስያዘው፤ አዞረ፣ አዞረ፣ ከዚያ እጀታውን ዘጋ።

ፀጥ አለ። ውኃው ጭኑ ደርሷል፤ እሱ ግን ጆሮውን የጣለው ወደ ውጭ ነው። ምንም የለም።  እየተደናቀፈ ወደ ላይ ወጣ።

መሰላሉ ላይ ተንጠልጥላ ታስላለች። ብብቷን ይዞ ጎትቶ አወጣት። አንጓዋ ዙሪያውን ተቆርጦ ይደማል።

«ባንኳኳሁ ቁጥር ትስባለህ» አለችው፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

«ሳንኳኳ ሳብ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ» አለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ልቀቀኝ የሚለውንስ በምን ላንኳኳው?»

 እጇን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ምን ያህል አጥብቆ እንደያዛት ታወቀውና ደንግጦ ለቀቃት።