የማይረገጥ በረንዳ

ባሌ ላይል ይባላል፤ ቤት ይሠራል። እንዲህ ስል ሰው አናጢ ወይም መሐንዲስ ያገባሁ ይመስለዋል። እሱ የሚሠራው የወረቀት ቤት ነው። ኮምፒዩተር ላይ ይነድፈዋል፣ በወፍራም ወረቀት ያትመዋል፣ በስለታም ቢላዋ ይቆርጠዋል፣ አጥፎ በኮላ ያጣብቀዋል። ሲያልቅ የጫማ ካርቶን የሚያህል መጠጥ ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም የጠንቋይ ግንብ ይወጣዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹ ምድር ቤታችን ውስጥ ይሰበሰቡና አውራ ጣት የሚያህሉ ወታደሮቻቸውንና ጭራቆቻቸውን በእነዚህ ቤቶች መካከል አሰልፈው፣ ዳይስ እየወረወሩ ይዋጋሉ። ሁሉም ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። "አሻንጉሊት" ካልኳቸው ያኮርፋሉ።

በዚህ ሥራ ላይል ስሙ የታወቀ ነው። ንድፉን በኢንተርኔት ይሸጣል፤ ከጀርመን ድረስ ይጽፉለታል። የሚያደንቁለት ብስባሹን ነው። አዲስ ቤት ማንም ይነድፋል፤ የተላላጠ ቀለም፣ የሻገተ ጣውላ፣ የዛገ ሚስማር እንደ ላይል አድርጎ የሚያሳይ ግን የለም ይባላል። እኔ አልደነቅም። ፎቶ የሚያነሣው የኛን ቤት ነው።

ቤቱን የሠሩት አባቱ ናቸው። ላይል ከወረሰው ወዲህ አንድም ነገር እንዲጠገን አይፈልግም፤ ያረጀ ነገር ሁሉ ለእሱ ጥሬ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ የጋራዡን በር ልቀባ ብሩሽ ይዤ ብወጣ ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። "ገና አሁን ነው እኮ ማማር የጀመረው፤ አንድ የበረዶ ወራት ጨምሪለት" አለኝ። ጎረቤቶቻችን ድሆች የሆንን ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው፤ እሱን ለምጄዋለሁ።

የፊት ለፊቱ በረንዳ ግን ከማማር አልፎ ሄደ። ድሮ ስረግጠው ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። ዘንድሮ ዝም አለ። የሚጮህ እንጨት አያሳስበኝም፤ የሚጮኸው ጥንካሬ ስላለው ነው። ዝም ብሎ ከእግር በታች ለስለስ ያለ ጣውላ ግን ቀኑን የሚጠብቅ ጣውላ ነው።

ቀኑም ሩቅ አልነበረም። ልጃችን ማረን በግንቦት መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትጨርሳለች። በኛ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የአዮዋ ግዛት ከተሞች ሁሉ፣ የተመራቂ ቤት እሑድ ክፍት ነው፤ ሰዉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ የአሳማ ሥጋ በዳቦና የድንች ሰላጣ ሲበላ ይውላል። የላይል እናት ቨርና ደግሞ በቤተሰብ ግብዣ ሁሉ ወንበራቸውን የሚያስቀምጡት ባላቸው በሠሩት በረንዳ ላይ ነው። ሰማንያውን ዘለውታል፤ ያለ ከዘራ አይራመዱም። ገና በመጋቢት ወር ጣውላው ከእግራቸው ሥር ሲከዳ፣ ዳሌያቸው ሲሰበር፣ አምቡላንሱ የማረንን ኬክ ገልብጦ ሲገባ ይታየኝ ጀመር።

"አናጢ ጥራልኝ" አልኩት ላይልን።

"እጠራለሁ። መጀመሪያ ፎቶውን ላንሣ።"

"ታዲያ አንሣዋ።"

"ፀሐይ ነው። ፀሐይ ጥላ ይጥልበታል። ደመና ነው የምፈልገው።"

"ትናንት ደመና ነበር።"

"ትናንት እርጥብ ነበር። እርጥብ እንጨት ያብለጨልጫል፤ ወረቀት ላይ ሲታተም ፕላስቲክ ይመስላል።"

እንዲህ እየተባለ ጸደዩ አለፈ። ደረቅ ደመና እስኪመጣ ድረስ የቤተሰባችን እግር በጣውላው ምሕረት ኖረ። በመጨረሻ ፎቶውን አንሥቶ ሲጠግብ አናጢው ሩዲ ጋ ደወለ፤ ሩዲም ከሰኔ መጨረሻ በፊት አንድ ቀን እንኳ የለኝም ብሎ ለዚያን ጊዜ ቀን ያዘልን።

"አታስቢ" አለኝ ላይል። "በግብዣው ዋዜማ ከነዱዌን ጋር ሆነን እናስተካክለዋለን።"

ዱዌን ከቅዳሜዎቹ ጓደኞቹ አንዱ፣ የእህል ኩባንያ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። አርባ መስኮት ያለው ካቴድራል ከወረቀት ሠርቷል። ቤቱ አምፖል ሲቃጠል የምትቀይረው ሚስቱ ናት።

ቅዳሜ በምሠራበት ፋርማሲ ገንዘብ ስቀበል ውዬ ወደ ማታ ስመለስ መኪናዬን መንገዱ ላይ አቁሜ ቀረሁ። በረንዳው አዲስ ነው። ወርቅ የመሰለ ጣውላ፣ በመስመር የተመታ ሚስማር፣ በየመካከሉ ቀጥ ያለ ክፍተት። ላይል፣ ዱዌንና ሌሎች ሁለት ጓደኞቻቸው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ሳሩ ላይ ቆመዋል። ስንት ወር ሙሉ ስነጫነጭበት የኖርኩትን ሰው አቀፍኩት።

"ውይ ላይል፣ እኔ እኮ አትችልም ብዬ ነበር።"

"አየሽ" አለ።

ወደ ደረጃው ስሄድ ዱዌን ከፊቴ ቆመ። "እንዳትረግጪው፤ አልደረቀም።"

"ቀለሙ?"

"ቀለሙም" አለ ዱዌን።

ይቺ "ም" አጠራጠረችኝ። ዙሪያዬን ቃኘሁ። መጋዝ የለም። የእንጨት ብናኝ የለም። የተነቀለ አሮጌ ጣውላ የትም አልተከመረም። የአራቱም ሰዎች ሸሚዝ ንጹሕ ነው፤ ጣታቸው ብቻ በቡናማ ማርከር ተለውሷል። ይህንን አውቀዋለሁ። ወረቀት ሲቆረጥ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ያሳጣል፤ ስለዚህ ጠርዙን በማርከር ይቀባሉ። ነጭ ጠርዝ በነሱ ዘንድ ሱሪ ሳይቆልፉ አደባባይ እንደ መውጣት ነው።

ከዚያ የእንጨቱን ጉጥ፣ ቅርንጫፍ የወጣበትን ክብ ጠባሳ፣ ፈለግሁ። ላይል የሌሎችን ሥራ ሲያብጠለጥል ሁልጊዜ የሚለው ነገር አለ፦ ሰነፍ ነዳፊ አንድ ጣውላ ፎቶ አንሥቶ ደጋግሞ ያትመዋል፤ ጉጡን ተከትለሽ ያዢው። ተከተልኩት። ከበሩ ፊት ባቄላ የመሰለ ጉጥ፣ አጠገቡ ጭረት። አራት ጣውላ አልፎ ባቄላ፣ አጠገቡ ጭረት። ከዚያም ወዲያ እንደዚያው።

"ላይል።"

"ወይ።"

"ይቺ ጉጥ እዚያም አለች።"

ዱዌን ወደ ላይል ዞሮ "ነግሬህ ነበር" አለው። "አንዱን ገልብጠህ አትመው ብዬህ ነበር።"

"ወረቀት ነው?" አልኩ።

"ወረቀት ብቻ አይደለም" አለ ላይል። "ሦስት ድርብ ነው። ከላይ ቫርኒሽ አለው። ዝናብ አያስገባም።"

"ሰው ያስገባል። ከሥሩስ ምንድነው?"

"ከሥሩ ያው ነው።"

"ምኑ ያው?"

"የነበረው። ከሥር ደግሞ ማን ያያል?"

"እናትህ። ነገ ገብተው ያዩታል።"

ላይል ጺሙን አሻሸ። እናቱን አላሰባቸውም ነበር። በሱ ጨዋታ ሰው ክብደት የለውም፤ ወታደሩን በሁለት ጣት አንሥተህ የፈለግህበት ታስቀምጠዋለህ።

"ወንበራቸውን ሳሩ ላይ እናደርገዋለን" አለ።

"ለምን እንደሆነ አንተ ትነግራቸዋለህ። ሰውም እንዳይወጣበት አንተው ትቆማለህ። እኔ የአሳማ ሥጋ አለብኝ።"

ጓደኞቹ ደህና እደሪ ብለውኝ በጓሮ በኩል ወጡ። ቀደም ሲል ዕቃቸውን ለመውሰድ ቤት ሲገቡም በጓሮ ነበር የገቡት። ያንን ልብ አልኩ።

እሑድ ላይል ከረባቱን አስሮ ደረጃው ሥር ቆመ። ደረጃው ሲሚንቶ ነው፤ ለሱ አልሰጋሁም። መጀመሪያ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ በጓሮ በኩል፣ ቀለሙ አልደረቀም" እያለ ሰዉን በሥርዓት ሲያሳልፍ ከኩሽናው መስኮት እሰማው ነበር። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ጌል ግን እንዲህ በቀላሉ የምትታለፍ ሴት አይደለችም።

"ቀለም የት አለው? እንጨቱ እኮ ባዶውን ነው" አለች።

"ቫርኒሽ ነው።"

ባሏ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ፈተገው። "ላይል፣ ይሄ ነገር ወረቀት ነው እንዴ?"

አሁን የሚያፍር መስሎኝ ነበር። ላይል ግን ሕይወቱን ሙሉ ይህንን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። "ወረቀት ነው" አለ፣ ልጅ የተወለደለት ይመስል። ከዚያ አልቆመም። ፎቶውን እንዴት እንዳነሣ፣ ክፍተቱን ክፍተት የሚያስመስለው የታተመ ጥላ መሆኑን፣ ጠርዙ በስንት ዓይነት ቡናማ እንደተቀባ። ሰዉ ከበበው። ሳህኑን ይዞ የሚመጣ ሁሉ እዚያው ቀረ። የማረን የሒሳብ አስተማሪ ተንበርክኮ ሚስማሩን ሊነቅል ሞከረ፤ ሚስማሩ ፎቶ ስለሆነ አልተነቀለም፤ አጨበጨቡ።

ማረን ጓሮ ውስጥ ከፎቶዎቿና ከሽልማቶቿ አጠገብ ብቻዋን ቆማ ነበር።

"እማዬ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?"

"በረንዳውን እያዩ ነው።"

"ምረቃው የኔ አይደለም እንዴ?"

"ያንቺ ነው የኔ ልጅ።"

ከዚያ ዳቦዋን ይዛ እሷም ልታይ ሄደች።

ቨርና የመጡት በዚህ መካከል ነው። የእኅታቸው ልጅ መንገዱ ዳር አውርዷቸው መኪናውን ሊያቆም ሄደ። ላይል ከደረጃው ፈቀቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ስለ ኮላ ያስረዳል። የድንች ሰላጣውን ጎድጓዳ ሳህን ይዤ በቤቱ ማዕዘን ብቅ ስል ቨርና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከመጋቢት ጀምሮ በሐሳቤ ያየሁት ነገር ስለነበር አሁንም በሐሳቤ የማየው መሰለኝ።

ከዘራቸውን አስቀደሙ። ከዘራው ጣውላው ውስጥ እስከ እጀታው ድረስ ገባ፤ ቢላዋ ቅቤ ውስጥ ሲገባ እንኳ ከዚያ የበለጠ ድምፅ አለው። እግራቸውን ሊያስከትሉ ሲሉ ዱዌን፣ ያ አምፖል የማይቀይረው ዱዌን፣ ወገባቸውን ይዞ ወደ ኋላ ሳባቸው።

ቨርና ከዘራቸውን ጎትተው አወጡት። ጫፉ ላይ ባቄላዋ ጉጥ ከነጭረቷ ተሰክታ ወጣች። አገላብጠው አዩዋት።

"ምንድነው ይሄ?"

"ወረቀት ነው፣ እማዬ" አለ ላይል።

"አባትህ በሞተበት ዓመት ነው ይሄ መበስበስ የጀመረው?"

"ከዚያ በፊት ነው።"

"አውቃለሁ። እሱም ሲበሰብስበት ቀለም ይቀባው ነበር።" ጉጧን ከከዘራው ነቅለው ሰጡት። "ቀለም ግን ቢያንስ ገንዘብ ያስወጣል። በሉ ወንበር አምጡልኝ፤ ሳሩ ላይ።"

በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። እናቱ በከተማው ፊት እንዲህ ያሉት ሰው ምድር ቤቱ ገብቶ ይደበቃል ብዬ ነበር። ገና ኬኩ ሳይቆረጥ ጌል የላይልን ክንድ ያዘች።

"ላይል፣ የኛንም ብትሠራልን? እኛ ደግሞ የሚረግጠው የለም፤ ሁላችንም በጋራዡ ነው የምንገባው።"

ሐምሌ ሲገባ ከኛ ጋር አራት በረንዳዎች ወረቀት ለብሰው ነበር። የኛን ቀዳዳ ላይል ለጠፈው፤ በዚህ ጊዜ ጉጡን ገልብጦ አተመው። መንገዳችን በዕድሜው እንዲያ አምሮ አያውቅም፤ ሰው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መኪናውን ቀስ አድርጎ እያየን ያልፋል። ላዩ ታይቶ የማይጠገብ፣ ውስጡን ለቄስ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በጓሮ መግባት ለመደ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያልለመደው ነው፦ ዕቃ የሚያደርሰው፣ ምረጡኝ የሚለው፣ እግዚአብሔርን ሊሰብኩ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ሁለት ሁለት ሆነው የሚዞሩት ወጣቶች። ነጭ ሸሚዝ ባየሁ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ።

ሩዲም አልመጣም። ደወልኩለት።

"በመኪና ሳልፍ አየሁት እኮ" አለኝ። "ሌላ ሰው እንዳሠራችሁ ገባኝና ቀናችሁን ለሌላ ሰጠሁት። ጥሩ እጅ ነው፤ ማነው?"

"ባሌ ነው።"

"ጎበዝ ነው። ያን ያህል አልገመትኩትም ነበር።"

"ሩዲ፣ ወረቀት ነው።"

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። እንደዚያ ካልሽ ለጥቅምት ልያዝልሽ አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ምድር ቤት ወረድኩ፤ የላይልን ምርጥ ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። ከጠርዙ ጀመርኩ። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ኮላውን አልሰሰቱትም። ከዚያ አንዱ ጥግ ሲላቀቅ ረዥም ሆኖ መጣ፤ ሥሩ ያለውን ብስባሽ እየቦጨቀ። ከሥሩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ በጣት የሚፈረፈር ነገር ነው። በአንድ ቦታ አፈሩ ይታያል።

ጌል ከማዶ አየችኝና መንገዱን ተሻግራ መጣች።

"ምን ነክቶሽ ነው? እንዴት ያምር ነበር።"

"አዎ ያምር ነበር።"

"ለራስሽ ብቻ አታስቢ እንጂ። የኛ እኮ ካንቺ ጋር ሲሆን ነው የሚያምረው።"

"ያንቺንም ልላጥልሽ?" አልኳት። አኩርፋ ተመለሰች።

ላይል ማታ ወደ ቤት ሲመጣ ሳሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየው። ይቆጣል ብዬ ነበር። "አሁን ሰው ምን ይለናል?" አለኝ። በትዳራችን ዘመን ስለዚህ ቤት እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የሩዲ መኪና በመንገዱ አለፈች፤ ቆመች፤ ወደ ኋላ መጣች። ሩዲ ወርዶ በረንዳው ፊት ቆመ፤ በቀዳዳው አፈሩን አየ፤ በጫማው ጫፍ አንዱን ጣውላ ሲነካው ወደ ውስጥ ወደቀ።

"ይሄ በረንዳ ሰው ይገድላል" አለኝ።

"እኔም ከመጋቢት ጀምሮ ያልኩት እሱን ነው።"

"ማክሰኞ እመጣለሁ። ጥቅምት አይደርስም።" ደብተሩን አውጥቶ ልክ ሲወስድ ቆየና ቀና አለ። "ባለፈው ያየሁት አዲስ ጣውላስ? የት አደረግሽው?"

"ቆሻሻ ገንዳው ውስጥ ነው።"

"ያ ሁሉ ጣውላ?"

"ጠቅልዬ ነው የከተትኩት" አልኩት።

ገንዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ወደ መኪናው ሲመለስ ግን የጌል በረንዳ አጠገብ ቆሞ በእርሳሱ ጫፍ አንዱን ሚስማር ነካ አደረገው።