እስከ ክርን የሚከፈት እጅጌ

ከማሉዲን እንደሚለው እጅጌው የእሱ ነው። ሞጣ ገበያ ዳር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቁ ለአረፋ ሥራ ተደራርቦበት ሳለ ጨርቅ አነሰው። እጅጌውን ከቁርጥራጭ መግጠም ግድ ሲሆንበት መገጣጠሚያውን በቁልፍ ሸፈነው። ሰው ወደደለት። ነገሩ ይኸው ነው።

እህቱ ሲሃም የምትለው ሌላ ነው። እናታቸው ዘሚራ ለሶላት ውዱእ ስታደርግ፣ እጇን እስከ ክርኗ ስትታጠብ፣ የቀሚሷ እጅጌ ጠባብ ስለሆነ ወደ ላይ አይሰበሰብላትም ነበር። ክረምቱን ሙሉ በእርጥብ እጅጌ ሰገደች። ሲሃም በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ልክ አወጣችና ከእጅ አንጓ እስከ ክርን፣ በውስጥ በኩል፣ በሰባት ትናንሽ ቁልፎች የሚከፈት እጅጌ ቆረጠችላት። ጨርቅ አልጎደለም፤ እንዲያውም ተርፎ ነበር። የሰፋው ግን ከማሉዲን ነው። ይህን እሷም አትክድም።

ከማሉዲን የራሱን ታሪክ የሚያወራው ለደንበኛ ብቻ ስለነበር ሁለቱ ታሪኮች ሳይገናኙ ሁለት ዓመት ኖሩ። የተገናኙት ወደ ብቸና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ሲሃም በልብስ ዲዛይን ከኮሌጅ ከተመረቀች ዓመት ሊሞላት ነው። ብቸና ውስጥ የሀበሻ ቀሚስ የሚያሠሩት ወይዘሮ እፀገነት ረዳት ዲዛይነር እንደሚፈልጉ በቴሌግራም ስታይ አመለከተች፤ ለፈተና ጠሯት። ማስታወቂያው እያንዳንዱ አመልካች ራሱ ያሰበውን አንድ ልብስ ይዞ እንዲመጣ ይላል። እናቷ ብቻሽን አትሄጂም ስላለች ከማሉዲን አብሯት ተሳፈረ።

"ምን ይዘሽ ነው?" አላት ጉልበቷ ላይ ያለውን ቦርሳ እያየ።

"የእማን ቀሚስ።"

"የትኛውን?"

"ባለ ቁልፉን ነዋ። ሌላ ምን አለኝ?"

ደብረ ወርቅን አለፉ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "ሴትዮዋ እኮ ደንበኛዬ ናት" አለ።

"ታዲያ ጥሩ አይደል?"

"ያንን ዓይነት ቀሚስ ነው የምሸጥላት። እጅጌውን ማን አወጣው ስትለኝ፣ እኔ አልኳት።"

ሲሃም ዞር ብላ አየችው። "አንተ? የቀሚስ አንገት ለማስመር እንኳ ሲሃም ነይ የምትለው?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ለጥር ሠርግ ስልሳ ቀሚስ አዛኛለች። በእሱ ተማምኜ ሁለት ልብስ ሰፊ ጨምሬአለሁ፤ የእማ መድኃኒትም ከዚያው ነው። ሱቁ ውስጥ ነው የተሠራው በያት፣ በቃ። ይህ ውሸት ነው?"

"አይደለም።"

"ቃል ስጪኝ።"

በአንድ ጎኗ መስኮት፣ በሌላው ወንድሟ። የፊቱ ወንበር ጉልበቷን ተጭኖታል። ሌላ ልብስ ለመያዝ ጊዜው አልፏል፤ ወርዶ መመለስም የለም። "እሺ" አለች።

ወይዘሮ እፀገነት ጠረጴዛቸው ላይ ጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። ከማሉዲን ውጭ ሊጠብቅ ሲል፣ "አንተማ የቤት ሰው ነህ፣ ግባ እንጂ" አሉት። እሱ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ ሌላ በር የለውም።

"ሽፎን ጨርቅ ስትቆርጪ እየተንሸራተተ ቢያስቸግርሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ከሥሩ ወረቀት አነጥፋለሁ። ከወረቀቱ ጋር አንድ ላይ እቆርጠዋለሁ።"

"ጎበዝ። ልብሱን አሳዪኝ።"

ሲሃም ቀሚሱን ዘረጋችው። ወይዘሮ እፀገነት እጅጌውን ገለበጡት፣ ቁልፎቹን ቆጠሩ፤ ከዚያ ከኋላቸው ካለው መስቀያ ሌላ ቀሚስ አውርደው ጎን ለጎን አስተኙት። አንድ ናቸው። ከሁለተኛው ላይ የከማሉዲን ስም የታተመበት ትንሽ ካርድ ተንጠልጥሏል።

"የእኔ ደንበኞች ሠርግ ቤት እጃቸውን ሲታጠቡ እጅጌያቸው ስለማይርስ ወደዱት" አሉ። "ይህን ያወጣው ማን ነው?"

"ሱቁ ውስጥ ነው የተሠራው።"

"የት ተሠራ አላልኩሽም፣ ልጄ።"

ከማሉዲን ጉሮሮውን ጠረገ። "እትዬ፣ እሷ እኮ ከእኔው ነው የተማረችው..."

"ቆይ አንተ። መክፈቻው ለምን በውስጥ በኩል ሆነ?"

"እ... ለውበት ነዋ።"

"የማይታይ ውበት?" ሳቅ አሉና ወዲያው ኮስተር አሉ። "ስሙኝ። የእሱ ከሆነ አንቺ የሰው ሐሳብ ይዘሽ መጥተሻል፤ አልቀጥርሽም። ያንቺ ከሆነ ሥራው ያንቺ ነው፤ እሱ ግን ዓይኔን እያየ ዋሽቶኛል፤ ትዕዛዙን ለሌላ እሰጣለሁ። አፍ ይቅርና እጅጌውን ቁረጡልኝ። ማን ይጀምራል?"

"የእኔ የልክ ወረቀት ሱቅ ነው ያለው" አለ ከማሉዲን።

ወይዘሮ እፀገነት ወረቀት፣ እርሳስና መቀስ ወደ ሲሃም ገፉ።

እርሳሱን ያዘች። መክፈቻውን በአንድ ጣት ስፋት ብታዛባው እጅጌው ክርን ላይ ይጣመማል፤ ሴትዮዋ አልቻለችም ይላሉ፣ ከማሉዲን ይተርፋል፣ እሷ በከሰዓቱ ሚኒባስ ተመልሳ ለሱቁ ቁልፍ መትከሏን ትቀጥላለች። ወንድሟን አየችው። እግሩ ወለሉን ይመታል። አባታቸው የሞተ ጊዜ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ማሽኑ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። እሷ ኮሌጅ የገባችው ያ እግር ስምንት ዓመት ፔዳል ስለረገጠ ነው። ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ። በሚኒባሱ ውስጥ እንኳ አላነሳውም፤ ቢያነሳው ኖሮ እምቢ ማለት ይቀላት ነበር።

እርሳሱን አንድ ጣት ወደ ቀኝ ወሰደችና መስመሩን ጀመረች። ሁለት ስንዝር ያህል ሄዳ ቆመች። የተጣመመ እጅጌ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ ይኸኛው ገና ወረቀት ላይ ሳለ እንኳ አስጠላት። ላጲስ የለም። ወረቀቱን ገለበጠችው።

በሌላው ፊት ያለ ማስመሪያ አሰመረች። ሜትር አላነሳችም፤ የእናቷን ክንድ በቃሏ ታውቀዋለች። መቀሱን አንስታ በመስመሩ ላይ ቆረጠች። የቆረጠችውን የእናቷ ቀሚስ እጅጌ ላይ አስተኛችው። ገጠመ።

"መክፈቻው በውስጥ የሆነው እናታችን ውዱእ ስታደርግ በአንድ እጇ እንድትፈታው ነው" አለች።

"ሲሃም" አለ ከማሉዲን፣ ቀስ ብሎ። "ቃል ሰጥተሽኛል።"

"ሰጥቻለሁ።" ወደ እሱ አልዞረችም፤ ዓይኗ መቀሱ ላይ ነው። "እጅጌው የእኔ ነው፣ እትዬ። የሰፋው እሱ ነው፤ እንደሱ የሚሰፋም አላየሁም። ትዕዛዙን ይተዉለት ብዬ እለምንዎታለሁ፤ ባይተዉለትም ግን የተናገርኩትን አላጥፍም። ከማል፣ አንተ ለእማ ንገርልኝ። እኔ ዛሬ ሞጣ አልመለስም፤ እዚሁ እሠራለሁ።"