የአለቃ ፖፖ

የሕፃናት ማቆያው ደንብ አጭርና ግልጽ ነበር፦ ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ አይቀበልም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቃልም እንዲሁ አጭር ነበር፤ የሥራ ቦታዋን እስከ ሰኞ ብቻ ይጠብቅላታል። ልጇን ለማሳደግ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቤት የቆየችው ፋርማሲስት በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል እንደ ቆመች ሐሙስ ደረሰባት።

ልጅቱን ሁሉም «አለቃ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት የአባቷ ሠራተኞች ናቸው። አባቷ አናጢ ነው፤ የሥራ ቤቱን ከመኖሪያቸው የሚለየው አንድ በር ብቻ ስለሆነ፣ አለቃ ያደገችው በሰጋቱራ ላይ እየዳኸች ነው ማለት ይቻላል። መራመድ ከቻለች ወዲህ ደግሞ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ሥራ ትጎበኛለች። እናቷ ግን የቫርኒሽ ሽታ ራሷን ስለሚያሳምማት ያንን በር አታልፍም።

ፖፖውን የሠራው አባት ነው። ከገበያ የፕላስቲክ መግዛት ይቻል ነበር፤ እሱ ግን «አናጢ ሆኜ ለልጄ ፕላስቲክ ብገዛ ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ስለዚህም የክንድ መደገፊያ ያለው፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን የሚገባበት ትንሽ ወንበር ሠራ። ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባው። በደረቀ ዕለት ደንበኛ ይጠብቀው ስለነበር በጥድፊያ አምጥቶ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠውና ወጣ። በወንበሩ አንደኛው እግር ላይ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ ታስሮ ነበር። እናት ባሏ ለጌጥ ያሰረው መሰላትና ልቧ ተነካ፤ አስተሳሰሩ ግን ስላላማራት ከቋጠሮው ላይ ደግማ እንደ ቢራቢሮ አድርጋ አሰረችው። ማታ የተመለሰው ባል ደግሞ ቢራቢሮውን አይቶ የሚስቱ ጌጥ መሰለው። አንዱ የሌላውን ምርጫ ላለመንቀፍ ሁለቱም ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሁለት ቀን ሆነ። አለቃ ፖፖውን አልጠላችውም። ጠዋት ጠዋት ትጎበኘዋለች፤ አሻንጉሊቷንም ፊቱ አቁማ ታሳያታለች። ተቀመጪ ስትባል ግን እጇን ወደ ኋላ ታጣምርና አንድ እርምጃ ታፈገፍጋለች።

«ሽንትሽ ሲመጣ ለማን ነው የምትነግሪው?»

«ለእማዬ።»

«የት ነው የምንቀመጠው?»

«ፖፖ።»

«ጎሽ የኔ አለቃ። ነይ እንቀመጥ።»

«እሺ» ትላለች አለቃ፣ ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል።

እሺ ይበልጣል ከሺ ያለ ሰው አለቃን አላገኛትም። ከእሺታዋ ጥቂት ቆይቶ ሽንቷ በበሩ ምንጣፍ ላይ ወይም በመጋረጃው ሥር ይገኛል፤ አንድ ጊዜም በአባቷ የሥራ ጫማ ውስጥ ተገኝቷል። ከጫማው ውጭ አንዲት ጠብታ እንኳ ስላልወደቀች፣ እናት የጎደለው ችሎታ እንዳልሆነ ተረዳች። ዘፈነችላት፤ ተረት ነገረቻት፤ እንዲያነሣሣት ብላም ቧንቧ ከፍታ የውሃ ድምፅ አሰማቻት። ቧንቧው የሠራው በእናት ላይ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአባት እናት መጡ፤ እናትን ያገኟት መታጠቢያ ቤት፣ ፖፖው አጠገብ ነው።

«አሁንም አልተቀመጠችም?»

«አልተቀመጠችም እማማ። ሰኞን ሳስበው ጨንቆኛል።»

«ባልሽም እስከ አራት ዓመቱ አንገብግቦኛል። ዘር ከልጓም ይስባል።»

«እማዬ፣ ይሄ ለሚስቴ መነገር ነበረበት?» አለ ልጃቸው፣ እርሳስ ጆሮው ላይ እንደ ሰካ ከሥራ ቤቱ ብቅ ብሎ።

«ትወቀው። እስከ ዛሬ ደብቄልሃለሁ።»

እናት አልሳቀችም። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ነጭ የሥራ ጋዎኗ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ዛሬ ጠዋት አውርዳ ወደ ቁም ሣጥኑ ልትመልሰው ቃጥቷት ነበር።

«ልጅ በዓይኑ ነው የሚማረው» አሉ አያት። «እኔ ተቀምጬ ላሳያት።»

«ይተዉት እማማ፣ ይጠብብዎታል።»

«የልጄ ሥራ አይደል? ይችለኛል።» ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ትንሿ ወንበር ዝቅ ማለት ጀመሩ።

አለቃ ሮጣ መጥታ የአያቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨመደደች።

«ተይ። ቀሚስሽ ይጣበቃል።»

«ምን ላይ ይጣበቃል፣ እናቴ?»

«ቀይ አለ» አለች አለቃ። እጇን መልሳ ወደ ኋላ ስላጣመረች ቢራቢሮውን የጠቆመችው በአገጯ ነው። «አባዬ አልፈታም።»

አያት እንዳጎነበሱ ቀሩ። እናት ወደ ባሏ ዞረች። እሱም እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ቫርኒሹ ያልደረቀ ዕቃ ላይ ቀይ እናስራለን» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እስክፈታው ማንም አይነካውም። ቀይ ካየሽ እጅሽን ወደ ኋላ ብዬ ያስተማርኳት በዳዴዋ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልፈታኸውም?»

«ያንቺ ጌጥ መስሎኝ።»

«እኔ ደግሞ ያንተ ጌጥ መስሎኝ ነው ያሳመርኩት።»

«እኔ ጌጥ ሳስር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ልቤ የተነካው ለዚህ ነበር።»

አያት ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል ነው የማውቀው። ያንተ ግን ዐሥራ ሁለት ቀን ከረመ። በሉ ሁለታችሁም ይቅርታ ጠይቋት፤ በዚህ ቤት ደንብ የምታከብር እሷ ብቻ ናት።»

አባት ተንበርክኮ መጀመሪያ ቢራቢሮውን፣ ከዚያም የራሱን ቋጠሮ ፈታ። አለቃ አልተነቃነቀችም። አባት ትንሽ አሰበና የጣቱን ጀርባ በመቀመጫው ላይ አሳለፈ።

«ደርቋል» አለ፣ ለደንበኛ በሚናገርበት ድምፅ።

አለቃም ጣቷን አሳለፈች። «ደርቋል» አለች፤ ዞራም ተቀመጠች።

ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ጠበቁ። ቧንቧ አልተከፈተም፤ ድምፁ ግን ተሰማ። እናት ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ምንም ያልጎደለውን የጋዎኗን አንገትጌ ረዘም ላለ ጊዜ አስተካከለች።

ሰኞ ጠዋት የማቆያው ኃላፊ እናትና ልጅን መታጠቢያ ቤቱን አስጎበኘቻቸው። በግድግዳው ሥር ስድስት የፕላስቲክ ፖፖዎች ተደርድረዋል። አለቃ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በፊታቸው አለፈች፤ ከሦስተኛው አጠገብ ስትደርስም ጎንበስ ብላ ጠርዙን በጣቷ ጀርባ ነካች።

«ምን እያደረገች ነው?» አለች ኃላፊዋ።

«እየተረከበች ነው» አለች እናት፣ ጋዎኗን በክንዷ ላይ እንደያዘች።

አራተኛው ፖፖ ቀይ ነበር። አለቃ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያም ራቅ ብላ አልፋው አምስተኛው ላይ ተቀመጠች።

«ቀዩን ግን ልጆቹ ሁሉ ይሻሙበታል» አለች ኃላፊዋ ተገርማ።

«እስኪደርቅ ነው» አለች እናት፤ ሰዓቷንም አየች።