የሻምበል ጭነት

ውሻው ሻምበል ገመዱን እየጎተተ ደረጃውን ሲወርድ፣ አብተው በአንድ እጁ የደረጃውን ብረት፣ በሌላው ገመዱን ጨብጦ መሐል ላይ ተወጠረ። ጉልበቱ ቋ አለ። ከአራተኛ ፎቅ እስከ መሬት ስልሳ አራት ደረጃ ነው። በቀን አራት ጊዜ ስለሚወጣውና ስለሚወርደው ቁጥሩን ሳይፈልግ ይዞታል።

ውሻውን ያመጣችው ቤዚ ናት፤ የመጨረሻ ልጁ። በሁለት ወሩ በካርቶን አቅፋው ገብታ፣ «አባዬ፣ ቢያድግ ቢያድግ ከዚህ አይበልጥም» ብላ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አሳይታው ነበር። ጀርመን ሼፐርድ መሆኑን ደብቃዋለች። አሁን በስምንት ወሩ የፊት እግሮቹን አንስቶ አብተው ትከሻ ላይ ያሳርፋል። እሷ ይህን አላየችም። ካርቶኑ ሳይጣል ታመመች፣ ሆስፒታል ገባች፣ አልተመለሰችም።

በለቅሶው ሰሞን ሰዉ ሲጎርፍ ቡችላውን ሽንት ቤት ቆለፉበት። ሰባት ቀን። ማንም ክፋት አላሰበም፤ ለቀስተኛ በተቀመጠበት ቤት ውሻ ሲዘል አይታይም። ታዲያ ቡችላው አንድ ነገር ተምሮ ወጣ፤ በር ከተንኳኳ እሱ ሊቆለፍበት ነው። ከዚያ ወዲህ በር በተከፈተ ቁጥር ያብዳል። ሳሎኑን ከግድግዳ ግድግዳ ይሮጥበታል፣ ይጮሃል፣ መጨረሻም የቤዚን ክፍል በር ይቧጭራል።

ከበታቻቸው ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ኢሕሳን የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሚስቱ ከወለደች ገና ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ አንገቱን ደፍቶ፣ ውሻው እስከ ቅዳሜ ወይ ዝም እንዲል ወይ እንዲወጣ ኮሚቴው መወሰኑን ነገራቸው። አብተው አልተከራከረም። ሞጆ የከባድ መኪና ማቆሚያ ለሚጠብቀው ለጀቤሳ ደወለለት፤ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስደው ተስማሙ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ውሻውን ማስሮጡን ሞክሮታል። የአዳማ ፀሐይ አስፋልቱን ሳታግለው፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከባጃጅና ከጋሪ እየተጋፋ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስሮጠዋል። ሲመለሱ የሚወድቀው አብተው ነው፤ ውሻውማ ገና ሊጀምር ነው። ማክሰኞ ዕለት ግን ደረጃው ላይ ትንፋሹን እየሰበሰበ ሳለ አባቱ ትዝ አሉት። አገራቸው ደራ ላይ ወይፈን ሲያቀኑ አያስሮጡም ነበር። ካረጀ በሬ ጎን ጠምደው ቀስ አድርገው ይነዱታል። «ሩጫ ያበረታዋል፤ ሸክም ነው የሚያሳስበው» ይሉ ነበር።

ከውሻ ጋር ኖሮ አያውቅም፤ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ከማዳበሪያ ሁለት ኪስ ሰፍቶ በውሻው ጀርባ ግራና ቀኝ አንጠለጠለ፤ በየኪሱ አንዳንድ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ከተተ። የቧንቧው ውሃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉልበት ስለሚያጣ እሱም ከታች ከታንከሩ ጄሪካን ይሸከማል። እንዲህ ሆነው ሁለቱ ተሸካሚዎች ጎን ለጎን ወጡ። የመጀመሪያው ቀን ኪሱ ሆዱ ስር ዞረ። በማግስቱ ሻምበል በጥርሱ ዘነጠለው። ሐሙስና ዓርብ ግን ጭነቱ እንዳይወድቅበት የሚጠነቀቅ ይመስል አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወጣ፤ ማታም ተኛ።

ዛሬም ሲወርድ ቢጎትተውም፣ ጭነቱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ረጋ። ሽቅብ ወጥተው ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ግን ማዳበሪያው ከስፌቱ ተተረተረ። ጠርሙሶቹ በደረጃው እየነጠሩ ወረዱ። ውስጥ ሕፃን አለቀሰ፣ የኢሕሳን በር ተከፈተ።

የሻምበል ፀጉር ቆመ። አብተው ጄሪካኑን ሳያስቀምጥ፣ «ቀስ» አለው፤ በአባቱ ድምፅ፣ ረዘም አድርጎ። ውሻው በሩን አየ፣ አብተውን አየ። ቁጭ አለ።

ኢሕሳን በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ።

«ጋሽ አብተው፣ አህያ አደረጉት እንዴ?»

«ወይፈን ነው። እያቀናሁት ነው።»

«አስተኛኘቱስ የበሬ ነው። ሁለት ሌሊት ድምፁን ባጣው ሞቶ ነው ብዬ…» ኢሕሳን ቃሉን ሊመልሰው አልቻለም። ወርዶ ጠርሙሶቹን ለቅሞ መጣና አብተው እጅ ላይ አስቀመጠ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ምንም አይደል። የት እናውቃለን ስንናገር።»

«እስከ ወር መጨረሻ ይቆይ ብል ኮሚቴው እንቢ አይለኝም። ጭነቱ ብቻ እንዲህ የሚፈታ አይሁን። ልጅቱን አሁን ነው ያስተኛናት።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ መሰለች እንደ ወትሮው ከተቆለፈው የቤዚ ክፍል በር ትይዩ ተቀምጣለች። የክፍሉን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ከቋጠረችው አምስት ወር ሆነ። ከዚያ ክፍል መሐረብ እንኳ አልወጣም። ዘመድ የቤዚን ልብስ ለነዳያን እንስጥ ቢላት ቋጠሮውን ታጠብቃለች። አብተው ኢሕሳን ያለውን ነገራት።

«ጀቤሳ እየመጣ አይደል? ይሂድ» አለች። «ያንን በር ሲቧጭር እኔ የምቧጭር ይመስለኛል።»

«ከሄደም በኋላ በሩ እዚያው ነው፣ መሰሉ።»

አብተው ተቀምጦ የተተረተረውን ማዳበሪያ ገለባበጠው። መርፌ ቢያስገባ ይበልጥ ተቀደደ።

«ይሄ አይሆንም» አለ፤ ለማዳበሪያው እንጂ ለሷ እንዳልተናገረ ሆኖ። «ሸራ ነው የሚፈልገው። ማንገቻ ያለው።»

በዚህ ቤት ማንገቻ ያለው ሸራ አንድ ብቻ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ከተቆለፈው በር በስተጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሻምበል መሬቱ ላይ ተዘርግቶ ያለከልካል።

መሰለች የነጠላዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው፤ ከመጥበቁ የተነሳ በጣት አልፈታ ብሎ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ውሻው ጆሮውን አቆመ፤ አልተነሳም። ስትወጣ የቤዚን የዩኒቨርሲቲ የሸራ ቦርሳ ደረቷ ላይ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ማበጠሪያ፣ ሁለት እስክርቢቶ፣ ያለቀ የከንፈር ቅባት። አብተው መቀስ ሲያነሳ እጁን ያዘችው።

«አትቁረጠው። ስፌቱን እኔ እፈታዋለሁ።»

መነጽሯን አድርጋ በመርፌ ጫፍ ክሩን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች። ስልኩ ጠራ፤ ጀቤሳ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ እንደምን አሉ ጋሼ፣ አዳማ ገብቻለሁ። ሰንሰለትም ይዣለሁ፣ ወፍራም ነው።»

አብተው መሰለችን አያት። ቀና አላለችም፤ እጇም አልቆመም።

«ና፣ ምሳ እንበላለን» አለው። «ሰንሰለቱን ግን መኪናው ላይ ተወው።»